ዓይን የሌለበት አዳራሽ

ማስተዋል ለልጇ ለሁለተኛ ዓመት ልደቱ አዳራሽ መፈለግ የጀመረችው ቀኑ ሊደርስ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነው። በብሎኩ እናቶች ዘንድ ይህ መዘግየት ብቻ ሳይሆን እብደት ነው። ሌሎቹ ገና ሆዳቸው ሳይገፋ ያስይዛሉ፤ ጽንሱ ወንድ ይሁን ሴት ሳይታወቅ አዳራሹ ይታወቃል።

እሷም ብትሆን ረስታው አይደለም። ፈርታ ነው። ስለ አዳራሽ ባሰበች ቁጥር ነገ አደርገዋለሁ ትላለች። ነገ፣ ነገ ስትል ይኸው አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያውን ልደት ሰው እንደፈቀደው ያከብራል፤ ቢፈልግ ቤቱ፣ ቢፈልግ ጭራሽ ይተወዋል። ሁለተኛው ግን ከተመዘገቡት አዳራሾች በአንዱ ውስጥ መከበር አለበት። በአዳራሹ ጣሪያና ግድግዳ ላይ ዓይኖች አሉ። ዓይኖቹ ልጁን ሦስት ሰዓት ሙሉ ያዩታል፤ ስሙ ሲጠራ ይዞር እንደሆነ፣ ዳቦ ሲሰጡት ምን እንደሚል፣ ስንት ቃል እንዳለው። አርባ ቃል ያለው አለፈ። የሌለውን በማግስቱ ጠዋት ሁለት ጨዋ ሴቶች መጥተው ወደ ማዕከል ይወስዱታል፤ እዚያም ሰባት ዓመት እስኪሞላው ይቆያል። እናት በዓመት ሁለት ጊዜ ትጠይቀዋለች። ሴቶቹ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ነው አሉ የሚገቡት፤ ድምፃቸውንም ከፍ አያደርጉም።

የማስተዋል ልጅ ኖላዊ አንድም ቃል የለውም።

መስማት ይሰማል። ጫማዬን አምጣልኝ ስትለው ሮጦ ያመጣል፣ ያውም ሁለቱንም። ሙዚቃ ሲከፈት ትከሻውን ይሰብቃል። ስታለቅስ ካያት የራሱን ጡጦ አፏ ውስጥ ይከትላታል። ብቻ አይናገርም። ለምን እንደማይናገር ሐኪም መጠየቅ አይቻልም፤ ሐኪም የተጠየቀውን ሁሉ ይመዘግባል።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የብሎኩ መስኮቶች አንድ በአንድ ይከፈታሉ፤ ከየመስኮቱም የእናቶችና የልጆች ድምፅ ይወጣል። ውሃ። ዳቦ። እባክህ። አመሰግናለሁ። ድመት። ከዘጠነኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት እንደ ቄስ ትምህርት ቤት ይንጫጫል። ማስተዋልም መስኮቷን ትከፍትና ጉሮሮዋን አቅጥና በልጅ ድምፅ ውሃ ትላለች፤ ከዚያ በራሷ ድምፅ ጎበዝ ትላለች። ኖላዊ አፍ አፏን እያየ በሳቅ ይፈርሳል፤ ሳቁም ያለ ድምፅ ነው። ይህን ማድረግ ከጀመረች አምስት ወሯ። ጎረቤቶች ደረጃ ላይ ሲያገኟት የኖሊ አፍ ተፈታ አይደል ይሏታል። ተመስገን ትላለች። ከዚያ ቤቷ ገብታ በሩን ትቆልፋለች።

ባሏ ይትባረክ አፋር በረሃ ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ያጥባል። አራት ወር ሠርቶ አንድ ወር ቤቱ ይከርማል። ስልክ ስለሚደመጥ ስለ ልጁ ዝምታ በስልክ ተነጋግረው አያውቁም። ኖሊ እንዴት ነው ይላታል፤ ይለፈልፋል ትለዋለች። ከዚያ ስለ ሙቀቱ ያወራሉ።

እንግዲህ ልጇን አዝላ ወጣች። መጀመሪያ የሄደችው ቢራቢሮ ወደሚባለው አዳራሽ ነው። ሲገባ የዘቢብ ኬክ ይሸታል። አስተናጋጇ ጣሪያውን በኩራት አሳየቻት፤ አርባ ስምንት ዓይን አለን፣ ከጠረጴዛ ሥር እንኳን የሚደበቅ ልጅ አያመልጠንም፣ ስለዚህ የልጅሽ አንድም ቃል ሳይቆጠር አይቀርም አለቻት። ልጅቷ ማጽናናቷ ነበር። ማስተዋል አመሰግናለሁ ብላ እግሬ አውጪኝ አለች።

ሁለተኛው ቀስተ ደመና ነው፤ አሮጌ አዳራሽ። በስተግራ ያሉት ሁለት ዓይኖቹ ታውረዋል የሚል ወሬ አለ። ወሬው እውነት ይሁን ውሸት የሚያውቅ የለም፤ ነገር ግን እስከ መጪው ዓመት ጥቅምት ተይዟል። በሩ ላይ እንደሷው ልጅ ያዘሉ አራት እናቶች ቆመው አገኘች። አንዷም ለምን ይህን አዳራሽ እንደፈለገች አልተናገረችም። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዱም ቃል አልወጣውም። ማስተዋል የሴቶቹን ፊት ማየት አቅቷት ዞራ ሄደች።

ሦስተኛው ላይ ተሳሳተች። በሦስተኛው አዳራሽ ነፃ ልምምድ አለ፤ ልጁ ቦታውን ይልመድ፣ ልምምድ አይመዘገብም አሏት። አመነች። ኖላዊን ምንጣፉ ላይ አስቀመጡትና ከግድግዳው ለስላሳ የሴት ድምፅ ስሙን ጠራው። ዞረ፤ ደስ አላት። ድምፁ ይህ ምንድነው ብሎ ኳስ አሳየው። ኖላዊ ሄዶ ኳሱን አቀፈ። ምንድነው አለ ድምፁ እንደገና። ኖላዊ ግድግዳውን ሳመ። ሰባት ጊዜ ጠየቀው፤ ሰባት ጊዜም ያንኑ ድምፅ፣ ያንኑ ትዕግሥት። ማስተዋል ልጁን ከምንጣፉ ላይ መንጭቃ ስትወጣ አስተናጋጇ አይዞሽ ብላ ከኋላ ተጣራች።

በማግስቱ ጠዋት ከምዘና ጽሕፈት ቤቱ መልእክት ደረሳት። ልምምዱን በደስታ መመልከታቸውን፣ በሰባት ቀን ውስጥ አዳራሽ ካልመረጠች ጽሕፈት ቤቱ እንደሚመርጥላት በትሕትና ይገልጻል። ማስተዋል የቀሩትን ቀኖች በጣቷ ቆጠረች።

እዚያው ፎቅ ላይ ብርክቲ የምትባል ጎረቤት አለች። የብርክቲ ልጅ ሊድያ አምና በሠላሳ አንድ ቃል ተወስዳለች። ብርክቲ ሁለት ጊዜ ጠይቃታለች፤ በሁለተኛው ጊዜ ሊድያ እንደሌሎቹ ልጆች ተሰልፋ እጇን ዘርግታ እንኳን ደህና መጡ ብላታለች። ንግግሯ አንድ ፊደል አይጎድለውም ነበር። ብርክቲ ይህን ለማስተዋል ስትነግራት አላለቀሰችም፤ ቃላቱን ብቻ ሦስቴ ደገመቻቸው።

በዚያው ሳምንት ከምድር ቤት አንድ አዛውንት አረፉና የብሎኩ ዕድር ድንኳን ተተከለ። ማስተዋል ልጇን አዝላ ለቅሶ ደረሰች። አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች አንድ ነገር ሆነች፤ ትከሻዋ ወረደ። ከስንት ወር በኋላ በረጅሙ ተነፈሰች። ቀና ብላ የድንኳኑን ጣሪያ አየች፤ ሸራ ብቻ ነው። ድንኳን ውስጥ ዓይን የለም። ከዓመታት በፊት ተክለውበት ነበር፤ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ለቅሶ መድረስ አቁሞ ሬሳ በየቤቱ ስለከረመ ጽሕፈት ቤቱ ራሱ ነቀለው። ደጅ ያለው ምሰሶ ላይ ጆሮ አለ እንጂ ውስጥ ማንም አያይም። ኖላዊ በለቀስተኛው መሃል ወዲያ ወዲህ ይሮጣል፤ የሚቆጥረው የለም።

ማስተዋል ለቅሶው እስኪበተን ጠበቀችና የዕድሩን ዳኛ ጋሽ ጉርሜሳን ለብቻቸው አገኘቻቸው። ጋሽ ጉርሜሳ ሠላሳ ዓመት አሳንሰር ሲጠግኑ የኖሩ፣ ቀልድ የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። ነገሩን ሁሉ በሹክሹክታ ዘረገፈችላቸው። ጋሼ፣ ልደቱን እዚህ ድንኳን ውስጥ ላክብረው፣ ይኸው ዓይን የሌለበት አዳራሽ አለቻቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ድንኳኑ ከአዳራሾቹ መዝገብ የለም፣ እዚህ ብታከብሪው አላከበርሽም ተብሎ በማግስቱ ይመጣሉ አሏት። ልትነሳ ስትል ሽማግሌው እጇን ያዟት።

«ልደት የማይጠየቀው አንድ ዓይነት ልጅ ብቻ ነው» አሏት። «ዕድሩ ሞተ ካለ ሞቷል። ከኔ ቃል በላይ ማስረጃ አይጠይቁም። ግን እኔ ድንኳን የምተክለው ስም ሲሰጠኝ ነው፣ ልጄ። የማንን ስም ልጻፍ?»

ማስተዋል ኖላዊን አየችው። የድንኳኑን ገመድ ይዞ ይወዛወዛል። የገዛ ልጇን ስም በዚያ መዝገብ ላይ መጥራት አቃታት። የምትፈራው ሞትን ነው ወይስ መዝገብን፣ ለራሷም አልገባትም። ጽሕፈት ቤቱ ከሰጣት ሰባት ቀን በስድስተኛው ተመልሳ መጥታ በወረቀት ጽፋ ሰጠቻቸው።

እንዲህ ተሰናዳ። በልደቱ ቀን ንጋት ላይ ኖላዊ ትኩሳት ተነሥቶበት አረፈ ይባላል። ድንኳን ይተከላል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀብር ይሆናል። በትንሿ ሳጥን ውስጥ አሥራ ሁለት ኪሎ አሸዋ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይገባል። ልጁ ደግሞ በዕድሩ ትልቅ ድስት ውስጥ ጋቢ ተነጥፎለት ወደ ድንኳኑ ይገባል፤ ከቀብር በኋላ በዚያው ድስት በዕድሩ መኪና ተጭኖ ሰላሌ፣ የጋሽ ጉርሜሳ እህት ዘንድ ይሄዳል። እዚያ ምሰሶ አልደረሰም። ማስተዋልም ከአርባው በኋላ ትከተለዋለች። እስከ ቀብሩ ሰዓት ድንኳን የሚገቡት ጋሽ ጉርሜሳ አፋቸውን የሚያምኗቸው አሥራ አንድ ሰዎች ብቻ ናቸው። ልጁ ድምፅ ካሰማ ሴቶቹ ተነሥተው ይጮኻሉ፤ ደጅ ያለው ጆሮ የሕፃን ድምፅ ለይቶ ያውቃልና።

ለይትባረክስ አለች ማስተዋል። በስልክ አይነገር። ፈረቃው ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፤ ሲመጣ በአካል ትነግሪዋለሽ ተባባሉ። ጋሽ ጉርሜሳም ብርክቲም ይህ ልክ መሰላቸው። ሁሉንም ነገር ያሰቡ ሰዎች ናቸው፤ የገዛ ወጋቸውን ብቻ ረሱት።

ቀኑ ደረሰ። ጠዋቱ እንደታሰበው ሄደ። ኖላዊ ድስቱን ወደደው፤ ሲያወጡት ተመልሶ ለመግባት ታገለ። ሳጥኗ በድንኳኑ መሃል በነጭ ጨርቅ ተሸፍና ተቀመጠች። ብርክቲ ከሽርጧ ሥር ትልቅ ድፎ ዳቦ አወጣች፣ ሁለት ሻማም። ሻማዎቹ የሊድያ ነበሩ። አሥራ አንዱም ሰው ክብ ሠርቶ ቆመ፤ መዝሙር አይዘመር፣ አይጨበጨብ። በጥቁር ልብሳቸው፣ በተፈታ ፀጉራቸው ሆነው ለሕፃኑ ያለ ድምፅ ፈገግ አሉለት። ኖላዊ ሻማዎቹን እፍ አለ። ማስተዋል በሕይወቷ እንደዚያች ደቂቃ ደስ ብሏት፣ እንደዚያች ደቂቃም ፈርታ አታውቅም። ዳቦው ተቆረሰ።

አምስት ሰዓት ላይ ስልኳ ጠራ። ይትባረክ ነበር።

እሑድ እንጂ ማክሰኞ ደውሎ አያውቅም። ስታነሳው ሰላም እንኳን አላላትም። የሞት መዝገብ በየመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ላይ በየጠዋቱ ይወጣል፤ ጓደኞቹ አይተዋል። አንዱም አልነገረውም፤ መርዶ እንዲህ አይነገርምና። ከበውት ተቀመጡ፣ መወልወያውን ከእጁ ወሰዱ፣ ቁርስ አጎረሱት። በሁለት ዓመት አንዲት ቀን ፈቃድ ሰጥቶት የማያውቀው አለቃ እናትህን ትንሽ አሟቸዋል፣ መኪና ቆሞልሃል፣ ሂድ አለው። ይትባረክ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገራት።

«እናቴ ጋ ደወልኩ» አላት። «ራሷ ናት ያነሳችው። ደህና ናት፣ ሽሮ ታበጥራለች። ታዲያ መኪናውን ያዘጋጁልኝ ለማን ነው፣ ማስተዋል?»

ስልኩ ይደመጣል። ሕያው ነው ብትል ጠፉ፤ ሞቷል ብትል ባሏ ጠፋ። ከዚያ በዚያ ጭንቅ መሃል አንድ ነገር ብልጭ አለላት። ሐዘን የደረሰበት ሰው ከሩቅ ሲደውል ዘመድ ሁሉ ምን ይላል? ደህና ነው፣ ሁሉም ሰላም ነው፣ ዝም ብለህ ና ይላል። የሚያዳምጠው ይህን ሲሰማ መርዶ እየደበቀች ነው ከማለት በቀር ምን ይላል? እውነቱን በግልጽ መናገር ትችላለች፤ እውነቱ የወጉ ውሸት ነው። እፎይ አለች።

«ኖሊ ደህና ነው» አለችው። «ሙት፣ ምንም አልሆነም። ይኸው አጠገቤ ቁጭ ብሎ ዳቦ እየበላ ነው።»



«አባቴ የሞተ ቀንም እንዲህ ነው ያሉኝ» አለ ይትባረክ ድምፁ ተቆራርጦ። «አጠገባችን ነው፣ ሾርባ እየጠጣ ነው አሉኝ። በየትኛው አፍሽ ነው አንቺም እንደዚህ የምትይኝ?»

በእግዚአብሔር፣ በማርያም፣ በልጇ ማለችለት። በማለች ቁጥር ባሰበት። እንደዚህ የሚማለው መቼ እንደሆነ ያውቃላ። በመጨረሻ ድምፁን አሰሚኝ አላት፤ አንዲት ድምፅ፣ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም። ማስተዋል ስልኩን ኖላዊ ጆሮ ላይ ለጠፈችው። ኖሊ፣ እኔ ነኝ፣ አባዬ ነኝ ይላል ይትባረክ። ኖላዊ ድምፁን አወቀው። ፊቱ በራ። ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ሳመው፣ ጉንጩን አሻሸበት፣ ከዳቦው ቆርሶ ሊያጎርሰው ሞከረ። አንዲት ድምፅ አላወጣም።

በዚያኛው በኩል ይትባረክ ዝምታውን ሰማ። ከዚያ ማስተዋል በትዳራቸው ሰምታው የማታውቀው ድምፅ ከስልኩ ወጣ፤ ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን ሲንሰቀሰቅ። አንጀቷን በላው። ምን እያደረገች እንደሆነ ሳታስብ የልጇን ጭን በሁለት ጣቷ ያዘችና ባላት ኃይል ቆነጠጠችው።

ኖላዊ አለቀሰ። በሰፊው፣ ድምፁን ለቆ፣ የሁለት ዓመት ሙሉ ሕይወት ባለው ለቅሶ።

ያን ጊዜ አሥራ አንዱም ሰው እንደተለማመዱት ተነሡ። ደረታቸውን እየመቱ፣ ልጄን፣ ልጄን እያሉ ጮኹ። ማስተዋል በእጇ ተዉ፣ ተዉ አለቻቸው፤ ምልክቷ በርቱ ማለት መሰላቸው። ብርክቲ ከሁሉም በላይ ጮኸች፤ የሷ ለማስመሰል አልነበረም፤ አንድ ዓመት የታፈነ ነበር። የሕፃኑ ለቅሶ በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ ሰጠመ።

ይትባረክ በስልኩ ሁሉንም ሰማ። ጩኸቱ ጋብ እስኪል ጠብቆ በጣም ቀዝቃዛ በሆነ ድምፅ ተናገረ።

«በቃ፣ ነግራችሁኛል። እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ማስተዋል። ነገ ማለዳ እደርሳለሁ። ፊቱን ሳላይ አፈር እንዳይለብስ፤ አባቱ ነኝ፣ መብቴ ነው።»

ዘጋው። መልሳ ደወለች፤ አያነሳም።

ሴቶቹ ላባቸውን እየጠረጉ፣ አንዳንዶቹም ጥሩ ሠራን በሚል ፊት ተቀመጡ። ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ የጋሽ ጉርሜሳ ስልክ ጢን አለ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። አውልቀው ጠርገው እንደገና አነበቡ። ከዚያ ለማንም ሳይሆን ለአየሩ በሚመስል ድምፅ አሰሙት። ጽሕፈት ቤቱ በደረሰው ሐዘን የተሰማውን ይገልጻል። በአባት ጥያቄ መሠረት የዛሬው ቀብር ወደ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተላልፏል። አባት ልጁን እንዲሰናበት የጽሕፈት ቤቱ ተወካይ ባለበት ሳጥኑ ይከፈታል። አስከሬኑን የሚጠብቁ ሁለት ባልደረቦች ተልከዋል፤ እስኪደርሱ ከድንኳኑ ምንም ዕቃ እንዳይወጣ።

ብርክቲ ድስቱን አየች፣ ቀጥላ በሩን፣ ቀጥላ ሳጥኑን። ጋሽ ጉርሜሳ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

ኖላዊ ለቅሶውን ጨርሷል። ሳጥኑ ለቁመቱ ልክ ነውና ነጩን ጨርቅ ይዞ ተንጠላጥሎ ወጣበት፤ እላዩ ላይ ተቀመጠ፣ እግሩን አወዛወዘ፣ ለእናቱ እጁን ዘረጋ፤ ዳቦ ነው የሚፈልገው።

«አውርጂው» አሉ ጋሽ ጉርሜሳ በሹክሹክታ።

ማስተዋል አወረደችው። ደረቷ ላይ አጣብቃ ያዘችው፤ እንዴት አጥብቃ እንደያዘችው አላወቀችም። ኖላዊ ጠበበውና አቃሰተ፤ ከዚያ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። ሴቶቹም እንደገና ተነሥተው ጮኹ።